የኬኔዲ ወገብ

ጆን ኤፍ ኬኔዲ በሚወዛወዝ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተነሳውን ፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። ዘና ያለ ሰው ይመስላል አይደል? ወንበሩ ግን የሐኪም ምክር ነበር። እኔ ስለ ኬኔዲ ሲወራ ከኩባው ሚሳይልም ከጨረቃው ጉዞም በፊት ትዝ የሚለኝ ወገቡ ነው።

የተወለደው በ1917 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ገና ኮሌጅ እያለ ወገቡ ያስቸግረው ስለነበር ባሕር ኃይል የገባው በአባቱ ትውውቅ ነው። ኦገስት 1943 በሰሎሞን ደሴቶች የሚያዛት ጀልባ በጃፓን የጦር መርከብ ተገጭታ ተሰነጠቀች። የተቃጠለ ባልደረባውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ማሰሪያ በጥርሱ ነክሶ እየጎተተ ለሰዓታት ዋኘ። ጀግና አሰኘው፤ ወገቡን ግን አባሰበት።

በ1944 የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዲስኩን ነኩት፤ ሕመሙ አልለቀቀውም።

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለ ነገር ነው። ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ክፍል እንደገና ሊወጣ ይችላል። ሁለት አጥንቶች አንድ ላይ እንዲጣበቁ ከተደረገ ደግሞ እዚያ ቦታ መተጣጠፍ ስለሚቀር ጫናው ወደ ጎረቤቶቹ ዲስኮች ይሄዳል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው በደንብ የሄደለት ሰው እንኳ ከዓመታት በኋላ ከላይ ወይም ከታች ባለው ዲስክ አዲስ ጣጣ ሊመጣበት ይችላል። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ ግን ሳይጠይቁ ቢላዋ ሥር መግባት ደግ አይደለም።

ሴናተሩ ኬኔዲ በ1954 በክራንች ነበር የሚሄደው። ኒውዮርክ ውስጥ አከርካሪው በብረት እንዲያያዝ ወሰነ። ቁማር ነበር። በ1947 ለንደን ላይ አዲሰን የሚባል የአድሬናል ዕጢ በሽታ ተገኝቶበታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ቀዶ ሕክምናንም ኢንፌክሽንንም መቋቋም ይከብደዋል። የተፈራው ደረሰ። ኢንፌክሽን ያዘው፣ ራሱን ሳተ፣ ቄስ ተጠርቶ ለሚሞት ሰው የሚደረገው ጸሎት ተደረገለት። ተረፈ። በ1955 መጀመሪያ ብረቱን አወጡት፣ በ1957 ደግሞ እዚያው ወገቡ ላይ የቋጠረ መግል ለማውጣት እንደገና ተቀደደ። አራተኛው መሆኑ ነው! ተኝቶ ባገገመባቸው ወራት የሠራበት መጽሐፍ ፑሊትዘር አስገኘለት (አብዛኛውን የደከመበት ረዳቱ ሶረንሰን ነው የሚሉ አሉ፣ እኔም ወደዚያው አደላለሁ)።

ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ሜይ 1961 ካናዳ፣ ኦታዋ ላይ ዛፍ ለመትከል አካፋ ሲያነሳ ወገቡ ተነሳበት። ክራንቹን ከካሜራ ይደብቅ ነበር። ሐኪሙ ጃኔት ትራቬል ማደንዘዣ ጡንቻው ላይ ትወጋዋለች፤ ለጊዜው ያስታግሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሃንስ ክራውስ የሚባል ሐኪም መጣና መርፌውን ትቶ በሳምንት ሦስት ቀን የሆድና የጀርባ ጡንቻ ስፖርት አሠራው። በግልጽ ተሻለው። አራት ቀዶ ሕክምና ያልሰጠውን እፎይታ ስፖርቱ ሰጠው፤ እኔን የሚቆጨኝ ክራውስ ዘግይቶ መምጣቱ ነው።

የወገብ መደገፊያውን ግን አላወለቀም። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ዳላስ ላይ ሲተኮስበትም ከሸሚዙ ሥር ታጥቆት ነበር። 46 ዓመቱ ነበር። ከሳምንታት በፊት ዋሽንግተን ላይ የተቀበላቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለቀብሩ ተመልሰው ሄዱ።