ለሙዚቀኛው የተተወ ስፍራ፦ ላንግስተን ሂዩዝ እና የግጥምና የጃዝ ትብብር

ግጥምን ከጃዝ ጋር አጣምሮ ማቅረብ በአዲስ አበባ የታወቀ የኪነ ጥበብ ዘርፍ ሆኗል። ከኦሎምፒያ ተነሥቶ በመስቀል አደባባይና በስታዲየም በኩል ወደ ራስ ሆቴል ሲያመራ የኖረው የጦቢያ ግጥምን በጃዝ ታዳሚ ለዚህ ምስክር ነው። ሆኖም መድረኩ ራሱ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ በቂ ጥናት አላገኘም። ሙዚቃው ለግጥሙ ማጀቢያ ነው ወይስ ከገጣሚው እኩል የሚናገር አካል? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአሜሪካዊው ባለቅኔ በላንግስተን ሂዩዝ ሕይወት ውስጥ መመርመር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሂዩዝ በ1901 በሚዙሪ ግዛት፣ በጆፕሊን ከተማ ተወለደ። ልጅነቱን በአብዛኛው ያሳለፈው በካንሳስ ግዛት፣ በሎረንስ ከተማ ከአያቱ ዘንድ ነው። የአያቱ የመጀመሪያ ባል በ1859 ከጆን ብራውን ጋር ባርነትን ለማስወገድ በሃርፐርስ ፌሪ ሲዋጋ የሞተ ሰው ነበር፤ ልጁም በዚህ ታሪክ ጥላ ሥር አደገ። በ1921 ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ከአንድ ዓመት በኋላ ትምህርቱን ትቶ ወጣ። በ1923 በጭነት መርከብ ተቀጥሮ የምዕራብ አፍሪካን ጠረፍ ጎበኘ። በማግስቱ ዓመት በፓሪስ በአንድ የምሽት ክበብ ዕቃ አጣቢ ሆኖ ሲሠራ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ ለራሳቸው ሲጫወቱ ያደምጥ ነበር። ለከፋዩ ታዳሚ ከሚቀርበው ይልቅ ሙዚቀኞች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ጨዋታ መስማቱ፣ ኋላ ለደረሰበት የአጻጻፍ ስልት መሠረት እንደሆነ መገመት ይቻላል።

በ1926 የታተመው የመጀመሪያ የግጥም መድበሉ የብሉዝን የስንኝ አወቃቀር ወደ መጽሐፍ ገጽ አመጣ። ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም። በዘመኑ ከነበሩ የተማሩ ጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎቹ ብሉዝንና ጃዝን የመጠጥ ቤት ዜማ አድርገው ይቆጥሩ ስለነበር፣ በ1927 ሁለተኛው መድበል ሲወጣ የራሳቸው የጥቁሮቹ ጋዜጦች ክፉኛ ነቀፉት። ሂዩዝ ግን መንገዱን አልለወጠም። በ1951 ባሳተመው ረጅም ግጥሙ ደግሞ የቢቦፕን ድንገተኛ መታጠፍና መቆራረጥ የግጥሙ አካሄድ አደረገው።

ቃልና ሙዚቃ በአንድ ስቱዲዮ የተገናኙት በ1958 ነው። ሂዩዝ በዚያ ዓመት ግጥሞቹን እያነበበ ባስቀረጸው ሸክላ፣ አንደኛው ገጽ በሊዮናርድ ፌዘር መሪነት በነባሩ የጃዝ ስልት ተሠራ። በሁለተኛው ገጽ የቤዝ ተጫዋቹ ቻርልስ ሚንገስና ፒያኒስቱ ሆራስ ፓርላን ከጓዶቻቸው ጋር ተሳተፉ። ሁለቱን ገጾች አነጻጽሮ ያደመጠ ሰው ልዩነቱን ይረዳል። በመጀመሪያው ሙዚቃው የግጥሙን ስሜት ተከትሎ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ግን ሙዚቀኞቹ አንዳንዴ ይቀድማሉ፣ አንዳንዴም ይከራከራሉ። ሚንገስ በኋላ ፍሪ ጃዝ ለተባለው፣ ቋሚ የቅኝትና የምት ገደብን ለጣሰው ስልት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው።

የሂዩዝ ትልቁ ሙከራ የተጀመረው በ1960 ክረምት፣ በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ሰሞን ነው። በዚያ ዓመት በከተማው ሁከት ተነሥቶ ፌስቲቫሉ ከቀኑ በፊት ተቋረጠ፤ ሚንገስና የድራም ተጫዋቹ ማክስ ሮች ደግሞ በአቅራቢያው የራሳቸውን ተቃዋሚ ፌስቲቫል አካሂደው ነበር። ሂዩዝ በዚያ ሰሞን የጀመረው ሥራ በ1961 እናትህን ጠይቅ በሚል ትርጉም ሊጠራ በሚችል ርእስ ታተመ። ርእሱ የተወሰደው ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች አንዱ የሌላውን እናት እያነሡ ከሚገጥሙት የብሽሽቅ ጨዋታ ነው። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ክፍሎች ሲኖሩት፣ ከግጥሙ ጎን በቀኝ በኩል ለሙዚቀኞች የተጻፈ መመሪያ ይሄዳል። በመግቢያውም ገጣሚው ድምፁን በሚያቆምባቸው ክፍተቶች ሙዚቀኞቹ በቅጽበት የራሳቸውን እንዲፈጥሩ ስፍራ እንደተተወላቸው ተገልጿል። የፍሪ ጃዝ ፋና ወጊ የሆነው የኦርኔት ኮልማን ስም በግጥሙ ውስጥ ተጠቅሷል፤ ስልቱ ስሙን ያገኘበት የኮልማን ሸክላም የወጣው በዚያው በ1961 ነው።

ይህ የነጻነት ጥያቄ ከአፍሪካ ጋርም የተሳሰረ ነበር። ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ሂዩዝ ለኢትዮጵያ በግጥም ድምፁን ካሰሙት አንዱ ነው። በ1960፣ አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነጻ በወጡበት ዓመት፣ ፒያኒስቱ ራንዲ ዌስተን ኡሁሩ አፍሪካ የተሰኘውን ሥራ ሲያስቀርጽ ግጥሙን የጻፈለት ሂዩዝ ነበር። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት በ1964 ሸክላውን አገደው። በ1966 ሂዩዝ ከዳካሩ የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል በኋላ አዲስ አበባ መጣ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1958 ዓ.ም. ለዋለው የድል በዓልም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግጥም ጻፈ። በዚያው ዓመት ሙላቱ አስታጥቄ በኒውዮርክ የመጀመሪያ አልበሞቹን አወጣ።

ሂዩዝ በግንቦት 1967 በኒውዮርክ አረፈ። በስንብቱ ሥነ ሥርዓት የተጫወተው የዌስተን ጓድ ነበር። እናትህን ጠይቅ የተሰኘው ሥራ በታላቁ ካርኔጊ አዳራሽ በኦርኬስትራ የቀረበው በ2009፣ ገጣሚው ከሞተ ከ42 ዓመታት በኋላ ነው። ዘግይቶም ቢሆን ሊቀርብ የቻለው፣ ሂዩዝ የማያውቃቸው ሙዚቀኞች የሚገቡበትን በር በገጹ ላይ ክፍት አድርጎ በማለፉ ነው።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በአዝማሪ ቤት ተቀበል የተባለው አዝማሪ የሌላውን ሰው ስንኝ በቅጽበት ከዜማው ጋር ያዋሕዳል፤ ጌታቸው መኩሪያም ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት የፎካሪውን ቃል ወደ ትንፋሽ ለውጦታል። በሁለቱም ቃልና ዜማ እኩል ሥልጣን አላቸው። በዛሬው መድረካችን ግን ብዙ ጊዜ ግጥሙ አስቀድሞ ይጠናቀቃል፤ ሙዚቃው ከሥሩ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። የሂዩዝ ተሞክሮ የሚያመለክተው፣ ትብብሩ የሚጀምረው ከልምምዱ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ገጣሚው ብዕሩን ሲያነሣ መሆኑን ነው። በገጹ ላይ ለሌላው ሰው ዝምታን ያልተወ ግጥም በመድረክ ላይ መልስ ሊያገኝ አይችልም።