ጀምስ ብሩስና ያላየው በረዶ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው የሰከላን ደጋ በስተቀኙ ትቶ ያልፋል። በዚያ ደጋ ላይ የአገሩ ሰው ግዮን እያለ በጸሎትና በጠበል የሚያከብረው የዓባይ መነሻ፣ የግሽ ምንጭ ይገኛል። ወደዚህ ምንጭ ከመጡት የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ጀምስ ብሩስ ነው። እኛ ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ የምንጽፈው ግን ስላየው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ በአጠገቡ አልፎ ሳያየው ስለ ቀረው ነገር ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 ዓ.ም. በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለው የአባቱ ርስት ተወለደ። በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ መማር ጀመረ፤ ነገር ግን ልቡ አልወደደውም። በ1754 የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ፤ ሚስቱ ግን ጋብቻው ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚህ ኀዘን በኋላ ዐረብኛና ግዕዝ ማጥናት ያዘ። በ1763 የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ወደ አልጀርስ ሄደ፤ ከዚያም የዓባይን ምንጭ ለማየት ቆርጦ ተነሣ።

በ1769 ሉዊጂ ባሉጋኒ ከተባለው የቦሎኛ ሠዓሊ ጋር ምጽዋ ደረሰ። ከምጽዋ በዐድዋ በኩል አድርጎ በ1770 መጀመሪያ ላይ የልማሊሞን አቀበት ወጣና በየካቲት ወር ጎንደር ገባ። ልማሊሞ የሰሜን ተራሮች ጠርዝ ነው፤ የተራሮቹ ራስ የሆነው ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የብሩስ መንገድ ግን ከ3,000 ሜትር ብዙም አይርቅም ነበር። ይህን አንባቢያችን ያስታውስልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በጎንደር ዘመኑ የዐፄ ተክለ ሃይማኖት ሁለተኛ ሲሆን ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስ በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ ሰዎች ፈንጣጣ በያዛቸው ጊዜ አስታመማቸው፤ በዚህም በቤተ መንግሥት ተወደደ። ንጉሡም የግሽን መንደር ጉልት አድርገው ሰጡት። በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰና ለብዙ ዓመት የተመኘውን ምንጭ በዓይኑ አየ። በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናርና በኑብያ በረሓ አድርጎ፣ ከብዙ ረኃብና ጥም በኋላ፣ በ1773 ማርሴይ ደረሰ። ከያዛቸው የግዕዝ መጻሕፍት መካከል በአውሮፓ ጠፍቶ የነበረው መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝ ነበር።

ሎንዶን ሲገባ ግን የጠበቀው ክብር ሳይሆን ፌዝ ነበር። ያየውን ቢናገር ብዙ ሰው ውሸታም አለው። በወጣትነቱ የፖርቱጋሉን ቄስ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ የተረጎመው ታላቁ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ተጠራጠረው። ብሩስ ተቀይሞ ወደ ርስቱ ተመለሰ፤ አምስት ቅጽ ያለውን የጉዞ መጽሐፉን ያሳተመውም በ1790 ነበር።

የሚያሳዝነው ነገር፣ አለመታመን እንዴት እንደሚያቆስል የሚያውቀው ይህ ሰው ሌሎችን ለማመን አለመፈለጉ ነው። ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ግሽን ማየቱን ካደ። ጎንደር ላይ የሞተውን ባልንጀራውን ባሉጋኒንም ከምንጩ ታሪክ አስወጣው። ስለ ሰሜን በረዶም እንዲሁ ነው። ሎቦ በዚያ በረዶ መኖሩን ጽፎ ነበር፤ በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የገለበጠው የአዱሊስ የድንጋይ ጽሑፍም የንጉሡ ሠራዊት በሰሜን እስከ ጉልበቱ በበረዶ ውስጥ መሄዱን ይመሰክራል። ብሩስ ግን እኔ አላየሁም ብሎ የእነርሱን ቃል አቃለለ። ከእርሱ 40 ዓመት ያህል በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት በተራራው ላይ በረዶ አየ፤ ብሩስ ያላየውም ከግርጌው አልፎ ስላልወጣ መሆኑን አስረዳ።

የተራሮቹ ድንጋይ የሚናገረው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። በደጋ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ውርጭ ባቄላውን ሲመታ ያውቃል። ከፍ ባለው ተራራ ላይ ማልዶ የተነሣም ውርጩ አፈሩን እንደ መርፌ በቀጠነ በረዶ ሽቅብ አንሥቶት ያያል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይሟሟል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ በስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ ቋጥኝ ይፈነቅላል፤ በአፈር ውስጥ ያለውም ድንጋዩን ገፍቶ ከአፈሩ ይለየዋል። ብርዱ ጠልቆ ለብዙ ጊዜ በቆየበት አገር ይህ ሥራ ድንጋዩን በመስመርና በክብ ይደረድረዋል፤ ረጥቦ የላላውንም አፈር ቁልቁል ያንሸራትተዋል።

በሰሜን ተራሮች የጥንት የበረዶ ግግር ገፍቶ የከመረው ድንጋይና አፈር፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ በውርጭ የተንሸራተተ አፈር ተገኝቷል። በባሌ፣ በ4,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ፣ በ2021 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ርዝመታቸው እስከ 1,000 ሜትር፣ ስፋታቸው እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀታቸው እስከ 2 ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ረድፎች አሉ። የሰው እጅ አልሠራቸውም። የዛሬው የሌሊት ውርጭ ደግሞ ወደ መሬቱ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ስለሚገባ እነዚህን ሊያንቀሳቅስ አይችልም። እንግዲህ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት በፊት፣ በባሌ ራሶች ላይ ግግር በነበረበት ዘመን፣ መሬቱ በጥልቀት በረዶ ሆኖ ይቆይ ነበር ማለት ነው።

ብሩስ ይህን ሁሉ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ በእርሱ ዘመን ስለ ጥንቱ የብርድ ዘመን የሚያስተምር አልነበረም። የሚወቀሰው ያልወጣበትን ተራራ እንዳየ ሰው በመመስከሩ ነው።

በኤፕሪል 1794 አንዲትን እንግዳ እመቤት ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲቻኮል ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ከሞተ በኋላ የመጡት መንገደኞች የተናገረው አብዛኛው እውነት መሆኑን አረጋገጡለት፤ ስሙም ታደሰ። እርሱ የካዳቸውም በተራቸው እውነተኞች ሆነው ተገኙ።

ከግሽ በስተምሥራቅ ያለው ጮቄም ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ነው። ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም የመጣችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በዕረፍት ጊዜ አገራችሁ ስትገቡ ጅብራው እስካለበት ድረስ ውጡ፤ ድንጋዩ እንዴት እንደ ተደረደረ ተመልከቱ፤ ከብት የሚጠብቀውንም ሰው ጠይቁ። ከግርጌው ሆኖ የለም ማለት ለብሩስም አልበጀውም።