ታናካ ሾዞ፦ ለተመረዘ አፈር የተከራከረው ጃፓናዊ

ዲሴምበር 10 ቀን 1901 እ.ኤ.አ.፣ ቶኪዮ። ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ከፓርላማ መክፈቻ ሲመለሱ አንድ የ59 ዓመት ሰው ወረቀት ይዞ ወደ ሠረገላቸው ሮጠ። በእኛም አገር ጃንሆይ ሲያልፉ አቤት ማለት የታወቀ ነበር። ይሄኛው ግን እንደማይተርፍ ገምቶ ነው የመጣው፤ ሚስቱን ችግር እንዳይነካት ቀደም ብሎ የፍቺ ደብዳቤ ልኮላታል። ፖሊሶች ከመንገድ ያዙት። ኋላም አብዷል ተብሎ ያለ ክስ ተለቀቀ።

ሰውዬው ታናካ ሾዞ ይባላል። በ1841 ዛሬ ቶቺጊ በሚባለው ግዛት የተወለደ የገጠር ልጅ ሲሆን በ1890 የመጀመሪያው የጃፓን ፓርላማ ውስጥ ተመርጦ ገባ።

ነገሩ የጀመረው ከአሺዮ የመዳብ ማዕድን ነው። ባለሀብቱ ፉሩካዋ ኢቺቤይ በ1877 ከያዘው በኋላ ማዕድኑ በጣም አደገ። የማቅለጫው ጭስ የተራራውን ደን አደረቀው። ደን የሌለው ተራራ ደግሞ ዝናብ አይዝም፤ ጎርፉ የማዕድኑን ዝቃጭ እየጠረገ በዋታራሴ ወንዝ ወደ እርሻው አወረደው። ድሮ ጎርፍ ሲመጣ ደለሉ ለገበሬው ማዳበሪያ ነበር። ከ1890ው ጎርፍ በኋላ ግን ሩዙ ደረቀ።

ገበሬዎቹ ዝም ብለው አላለቀሱም፤ አፈሩ ይመርመርልን አሉ። የቶኪዮው የግብርና ኮሌጅ ምሁር ኮዛይ ዮሺናኦ መርምሮ አፈሩ ውስጥ መዳብ አገኘ፤ ምንጩም ማዕድኑ መሆኑን አሳየ። ታናካ በ1891 ጉዳዩን ፓርላማ አቀረበ። መልስ መስጠት የነበረበት የግብርናና ንግድ ሚኒስትሩ ሙትሱ ሙኔሚትሱ ነው። ልጁን ደግሞ ፉሩካዋ በማደጎ ወስዶታል! ከእንዲህ ዓይነት ሚኒስትር ምን መልስ ይጠበቃል?

ታናካ ግን አፈሩ ላይ ብቻ አላቆመም። በተመረዙት መንደሮች ስንት ሕፃን ተወለደ፣ ስንት ሰው ሞተ እያለ ቁጥር ሰበሰበ። ብክለት በሰው ጤና ላይ ያደረሰውን ጉዳት መገምገም ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እሱ ያኔ ከገበሬ ጋር ሆኖ ነው የሠራው።

በ1897 መንግሥት ማዕድኑ ማጣሪያና የዝቃጭ ማቆሪያ እንዲሠራ አዘዘ። ብክለቱ ግን አላበቃም። በፌብሩዋሪ 1900 ወደ ቶኪዮ የሚጓዙ ገበሬዎችን ፖሊስ ካዋማታ ላይ ደብድቦ በተናቸው፤ ብዙዎችም ታሰሩ። ታናካ በዓመቱ የፓርላማ ወንበሩን ለቀቀ። ወደ ንጉሡ ሠረገላ የሮጠው ከዚያ በኋላ ነው።

መንግሥት መጨረሻ ላይ ያመጣው መላ ይገርማል፦ መርዙን ትቶ ጎርፉን ማስተናገድ። ያናካ የምትባል መንደር ተነስታ የጎርፍ ማቆሪያ እንድትሆን ተወሰነ። ታናካ በ1904 ጓዙን ጠቅልሎ እዚያው ገባ። በ1907 አንለቅም ያሉ የ16 አባወራዎች ቤት በግድ ሲፈርስ አብሯቸው ነበር፤ ከዚያም በኋላ አልተለያቸውም።

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1913 ሲሞት የቀረው ንብረት አንድ ከረጢት ነው፦ አዲስ ኪዳን፣ ሕገ መንግሥት፣ የዕለት ማስታወሻዎችና ጥቂት ጠጠሮች።

ማዕድኑ የተዘጋው በ1973 ነው። ኩባንያው ለገበሬዎቹ ካሳ ለመክፈል የተስማማው ደግሞ በ1974፣ ታናካ ከሞተ ከ61 ዓመት በኋላ። በማርች 2011 የምድር መንቀጥቀጥ ጊዜ አንዱ የድሮ ዝቃጭ ክምር ተንዶ፣ ዋታራሴ ወንዝ ውስጥ ከተፈቀደው መጠን በላይ እርሳስ ተገኘ።