ከአስከሬን ምርመራ ክፍል እስከ ሕግ አውጪው ምክር ቤት፤ የዶክተር ሲድኒ ፋርበር ሕይወት

የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን እ.ኤ.አ ዲሴምበር 23 ቀን 1971 ብሔራዊውን የካንሰር ሕግ በፊርማቸው አጸደቁ። ለዚህ ሕግ መውጣት ለረጅም ዓመታት ከደከሙት ሰዎች መካከል የሞቱ ሕፃናትን አስከሬን በመመርመር ሥራቸውን የጀመሩ አንድ የቦስተን ሐኪም ይገኙበታል፤ ዶክተር ሲድኒ ፋርበር።

ፋርበር ከፖላንድ ከፈለሱ አይሁዳውያን ወላጆች እ.ኤ.አ በ1903 በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው ቡፋሎ ከተማ ተወለዱ። ከ14 ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። በዚያን ዘመን በርካታ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለአይሁድ ተማሪዎች የሚሰጡት ቦታ በኮታ የተገደበ በመሆኑ፣ የሕክምና ትምህርታቸውን የመጀመሪያ ዓመት በጀርመን አገር ለመከታተል ተገደዱ። በዚያ ያስመዘገቡት ውጤት የሐርቫርድን በር ከፈተላቸውና እ.ኤ.አ በ1927 ከሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ከሁለት ዓመት በኋላም የቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የመጀመሪያው የሙሉ ጊዜ የፓቶሎጂ ሐኪም ሆኑ።

የፓቶሎጂ ሐኪም ከሕመምተኛው ጋር የሚገናኘው ብዙውን ጊዜ ከሞት በኋላ ነው። ፋርበርም ለሃያ ዓመታት ያህል የሕፃናትን ሕብረ ሕዋስ በማጉያ መነጽር ሲመረምሩ ከቆዩ በኋላ፣ በበሽታው ላይ ያካበቱት ዕውቀት አንድም ሕፃን እንዳላዳነ መገንዘባቸው ዕረፍት ነሳቸው። በተለይ አጣዳፊ የደም ካንሰር የያዘው ልጅ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ መሞቱ እንደማይቀር ይታመን ነበር። ሐኪሞች ሊያደርጉ የሚችሉት ደም መስጠትና ሥቃይን ማስታገስ ብቻ ነበር።

ፋርበር በመጀመሪያ የሞከሩት ፎሊክ አሲድን ነበር። ይህ ቫይታሚን የደም ሕዋሳትን ለማምረት የሚያስፈልግ በመሆኑ የታመመውን መቅኒ ይጠግን ይሆናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። የሆነው ግን በተቃራኒው ነው፤ በሽታው በሕፃናቱ ላይ ይበልጥ ተባባሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እርሳቸው ግን ፎሊክ አሲድ ካንሰሩን የሚመግበው ከሆነ፣ የፎሊክ አሲድን ሥራ የሚያግድ ንጥረ ነገር ካንሰሩን ሊያስርበው ይችላል ሲሉ አሰቡ። የሕንድ ተወላጁ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ዬላፕራጋዳ ሱባራው በሌደርሌ ኩባንያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁትን አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት አግኝተውም እ.ኤ.አ በ1947 መገባደጃ ለሕፃናቱ መስጠት ጀመሩ።

በቀጣዩ ዓመት ጁን ወር በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ይፋ ባደረጉት ጽሑፍ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 16 ሕፃናት አሥሩ መሻሻል ማሳየታቸውን ገለጹ። መሻሻሉ ጊዜያዊ መሆኑን ራሳቸው አልደበቁም፤ በሽታው ከወራት በኋላ ተመልሶ መጥቷል። ከሕክምና ባልደረቦቻቸው ብዙዎቹ ውጤቱን በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ልጆችን ማንገላታት አድርገው የቆጠሩትም ነበሩ። ይሁን እንጂ የሕፃናት የደም ካንሰር በመድኃኒት ሊገታ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የአሚኖፕተሪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሜቶትሬክሴት ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

ምርምሩ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በሜይ ወር 1948 በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ ጂሚ የተባለ የ12 ዓመት የካንሰር ሕመምተኛ ከሆስፒታል አልጋው ለመላው አገሪቱ ሲነጋገር፣ የሚወደው የቦስተን ብሬቭስ የቤዝቦል ቡድን ተጫዋቾች ወደ ክፍሉ ገቡ። ሕዝቡ ከ231 ሺህ ዶላር በላይ አዋጣ። ልጁ ሞቷል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቶ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ በ1998 በሕይወት መኖሩ ይፋ ሆነ።

በመዋጮው በተገነባውና እ.ኤ.አ በ1952 በተከፈተው ሕንፃ ፋርበር ሁለንተናዊ እንክብካቤ የሚሉትን አሠራር ተገበሩ። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያውና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ልጁን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም ያግዙ ነበር።

ይሁንና የሕዝብ መዋጮ የአንድ ከተማ ክሊኒክ ያቋቁም እንደሆነ እንጂ አገር አቀፍ ምርምር ሊሸከም እንደማይችል ተረድተው ነበር። በመሆኑም ሜሪ ላስከር ከተባሉት ታዋቂ የጤና ጉዳይ ተሟጋች ጋር በመተባበር ወደ ዋሽንግተን መመላለስ ጀመሩ። በበጀት ኮሚቴዎች ፊት እየቀረቡ ምስክርነት ሰጡ። እ.ኤ.አ በ1957 የ48 ሚሊዮን ዶላር በጀት የነበረው ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከአሥር ዓመት በኋላ 176 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ለዚህም የሁለቱ ጥረት ድርሻ ነበረው። እ.ኤ.አ በ1970 ሴኔቱ ባቋቋመው የአማካሪዎች ቡድን ውስጥም ፋርበር በምክትል ሰብሳቢነት አገለገሉ።

ቡድኑ የካንሰር ምርምር ከብሔራዊ የጤና ተቋማት ተነጥሎ ራሱን በቻለ መሥሪያ ቤት እንዲመራ ሐሳብ አቀረበ። ሴኔቱ ረቂቁን በ79 ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ሲያሳልፈው፣ በተወካዮች ምክር ቤት የጤና ንዑስ ኮሚቴውን ይመሩ የነበሩት ፖል ሮጀርስ ግን ምርምርን መከፋፈል ይጎዳል ከሚሉ ሳይንቲስቶች ጎን ቆሙ። በመጨረሻ የተደረሰበት ስምምነት በአሠራር ረገድ ትኩረት የሚስብ ነው፤ ኢንስቲትዩቱ ባለበት እንዲቆይ፣ የበጀት ጥያቄውን ግን በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ እንዲያቀርብ ተወሰነ። ሕጉ ለሦስት ዓመታት ከ1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈቀደ። ካንሰር በጥቂት ዓመታት ድል ይነሣል የሚለው የወቅቱ ተስፋ ግን የተጋነነ ነበር፤ ፋርበርም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አልነበሩም።

ፋርበር የሕጉን ፍሬ ብዙም አላዩም። እ.ኤ.አ በማርች 30 ቀን 1973 በቢሯቸው እንዳሉ በልብ ሕመም በ69 ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ ዳና ፋርበር የካንሰር ኢንስቲትዩት በሚል ስም ይጠራል።

የ1971ዱ ሕግ ለሁሉም የካንሰር ዓይነቶች የወጣ ሲሆን፣ ለሕፃናት ብቻ የወጣው ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። በአንዲት የምክር ቤት አባል ሟች ልጅ ስም የተሰየመው የ2008 ሕግ በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ቢፈቅድም፣ መፍቀድና መመደብ ለየቅል በመሆናቸው ገንዘቡ በተባለው መጠን አልተለቀቀም። ስታር የተባለውና በጁን 2018 የጸደቀው ሕግ በአንጻሩ በየዓመቱ በጀት ሲመደብለት ቆይቶ በጃንዋሪ 2023 ታድሷል። ይህ ሕግ የሕፃናት ካንሰር ናሙናዎችና መዝገቦች እንዲሰፉ፣ በብሔራዊው የካንሰር አማካሪ ቦርድ ቢያንስ አንድ የሕፃናት ካንሰር ባለሙያ እንዲኖር ይደነግጋል። ከበሽታው የተረፉ ልጆች ካደጉ በኋላ ሕክምናው ራሱ በልባቸው፣ በመስማት ችሎታቸውና በመውለድ አቅማቸው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት እንዲጠናና ክትትል እንዲደረግላቸውም ያደርጋል።