ንጉሥ ቲርሐቅና የሠራዊቱ ልምምድ

በካርቱም ከተማ በሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ከጥቁር ድንጋይ የተቀረጸ፣ ቁመቱ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ የንጉሥ ሐውልት አለ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ቤተ መዘክሩ ሲዘረፍ ይህ ከክብደቱ የተነሣ ሳይወሰድ ቀረ። ንጉሡም በትንቢተ ኢሳይያስ በ37ኛው ምዕራፍ ስሙ የተጠራው ቲርሐቅ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን የኢትዮጵያ ንጉሥ ይለዋል፤ መንግሥቱ ግን በዛሬው ሱዳን በናፓታ ነበረ።

አባቱ ፒያንኪ በግብፅ ሄርሞፖሊስን በከበበ ጊዜ ከፍ ያለ ማማ አሠርቶ ቀስተኞችንና ወንጭፈኞችን አወጣበት። ማማና ወንጭፍ ለደገኛ ሰው እንግዳ አይደሉም፤ እህል ጠባቂ ልጅ ድንጋዩ ካለመበት እስኪያርፍ ድረስ ስንት ወራት እንደሚደክም እናውቃለን። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬምም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት ለኪሶን ሲወጋ ወንጭፈኞች ነበሩት፤ በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ተቀርጸው ታይተዋል። ያን ጊዜ ሊገጥመው የወጣው ቲርሐቅ ገና ልዑል ሳይሆን አይቀርም፤ የነገሠው በ690 ነውና።

ከነገሠ በኋላ ሠራዊቱ በአምስት ክፍል ሆኖ በየቀኑ ሩጫ እንዲለማመድ አዘዘ። አንድ ሌሊትም ራሱ ሊያያቸው ወጣ። ወታደሮቹ ከሜምፎስ በስተ ምዕራብ ባለው በረሃ ሮጠው ፀሐይ ስትወጣ ፋዩም ደረሱ፤ መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያም ተመለሱ። ንጉሡ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደተከተለ ለየ። የቀደሙት ከክብር ዘበኞቹ ጋር በሉ፣ ጠጡ። እኛን ይልቁን የሚያስደንቀን ግን ለተከተሏቸውም ሽልማት መስጠቱ ነው፤ ብዙ አለቃ የፊተኛውን ብቻ ያያልና። ይህን ሁሉ በድንጋይ አስጽፎ በዚያው በበረሃው መንገድ አቆመው።

እንዲህ የሠለጠነው ሠራዊት ግን የአሦርን ኃይል እስከ መጨረሻ አልመከተም። በ671 አስራዶን ሜምፎስን ያዘ፤ የንጉሡን ሚስትና ልጅ ማረከ። ቲርሐቅ ወደ ደቡብ ሸሸ፤ ተመልሶም ከተማይቱን አስለቀቀ፤ የአስራዶን ልጅ አሹርባኒፓል ግን እንደገና አባረረው። በ664 ሞተ፤ በኑሪም ከኩሽ ነገሥታት ፒራሚዶች ሁሉ በሚበልጠው ፒራሚድ ሥር ከአንድ ሺህ ከሚበልጡ ትናንሽ የድንጋይ ምስሎች ጋር ተቀበረ።