ጋሳን ካናፋኒ፡ የስደትን ጊዜ በልብ ወለድ የለካው ፍልስጤማዊ

ጋሳን ካናፋኒ አገሩን ጥሎ ሲሰደድ ገና 12 ዓመቱ ነበር። እአአ በ1936 በወደብ ከተማዋ አካ ከጠበቃ አባት ተወልዶ፣ ጃፋ በሚገኝ የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ተማረ። በ1948ቱ ጦርነት ቤተሰቡ ወደ ሊባኖስ ሸሸ፤ ከዚያም ደማስቆ ገባ። ወጣቱ ካናፋኒ በደማስቆ የስደተኞችን ልጆች አስተማረ፤ ኩዌትም በመምህርነት ከቆየ በኋላ በ1960 ቤይሩት ገብቶ ጋዜጠኛ ሆነ።

ሕጋዊ ወረቀት አልነበረውምና በ1962 ለጊዜው ተሸሸገ። በዚህ ወቅት የጻፈው 'ሰዎች በፀሐይ' በዓመቱ ታተመ። ሦስት ፍልስጤማውያን ከኢራቅ ወደ ኩዌት ለመሻገር በባዶ የውሃ ቦቴ ውስጥ ይደበቃሉ። ሹፌሩ በየኬላው ከሰባት ደቂቃ እንደማይቆዩ ያረጋግጥላቸዋል። እስከዚያ ድረስ ትረካው አይቸኩልም፤ መንገዱ በትዝታ እየተቋረጠ፣ በአንዲት ቅጽበት የአሥር ዓመት ኑሮ ይተረካል። ቦቴው ሲከደን ግን የሦስቱ ትዝታ ይቆማል፤ የሚቆጠረው ደቂቃ ብቻ ነው። ሹፌሩ በኬላ ሠራተኞች ቀልድ ተይዞ ሲዘገይ ሦስቱም ይሞታሉ። በ2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ግዛት ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ኮንቴይነር ሞተው መገኘታቸውን የሚያስታውስ አንባቢ ታሪኩን ባዕድ አይለውም።

በ1966 የታተመው 'ለእናንተ የቀረው' ይበልጥ ደፋር ነው። ሐሚድ ሌሊቱን በረሃ ሲያቋርጥ፣ ጋዛ የቀረችው እህቱ ማርያም የግድግዳ ሰዓት ታዳምጣለች። የሁለቱ ሐሳብ፣ ትናንትና ዛሬ ሳይለዩ፣ እርስ በርስ ይፈስሳል፤ ለአንባቢው ሽግግሩን የሚጠቁመው የፊደሉ ቅርጽ መለወጥ ነው። ጊዜና በረሃው ራሳቸው ገጸ ባሕርያት ናቸው። ስልቱን ከአሜሪካዊው ዊሊያም ፎክነር ቢማርም፣ በካናፋኒ እጅ የአጻጻፍ ጌጥ ሆኖ አልቀረም፤ ሕይወቱ 1948 ላይ ለሁለት የተሰበረ ሰው ኑሮውን በተርታ ሊያወጋ አይችልምና።

'ወደ ሃይፋ መመለስ' በአንጻሩ በአንድ ቀን ጉብኝት 20 ዓመታትን ያጥፋል። በ1948 ሽብር ጨቅላ ልጃቸውን ቤት ውስጥ ትተው የወጡ ባልና ሚስት ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ይመለሳሉ። ልጁን ከፖላንድ የመጡ አይሁዳውያን አሳድገውታል፤ የእስራኤል ጦር ዩኒፎርምም ለብሷል። ካናፋኒ አሳዳጊዪቱን እናት በርኅራኄ መሣሉ የልብ ወለዱ ትልቁ ጥንካሬ ነው።

ደራሲው የሕዝባዊ ግንባር ለፍልስጤም ነፃነት ቃል አቀባይና የሳምንታዊው 'አል ሐዳፍ' አዘጋጅም ነበር። ድርጅቱ ኃላፊነት የወሰደበት የሎድ አውሮፕላን ማረፊያ ጥቃት በግንቦት 1972 ለ26 ሰዎች ሞት ምክንያት ሆነ። ከሳምንታት በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ቤይሩት ውስጥ መኪናው ላይ የተጠመደ ቦምብ ካናፋኒንና ወጣት የእህቱን ልጅ ላሚስን ገደለ። ለግድያው በሰፊው ተጠያቂ የሚደረገው የእስራኤሉ ሞሳድ ነው። ካናፋኒ 36 ዓመቱ ነበር፤ ያላለቁ ልብ ወለዶችም ትቶ አልፏል።