ዊሊስ ካሪየር እና የቲያትር አዳራሾች የአየር ፍሰት

ዊሊስ ሃቪላንድ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1876 በኒውዮርክ ግዛት፣ አንጎላ በተባለች መንደር ተወለደ። በ1901 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመርቆ ቡፋሎ ፎርጅ በተሰኘ ኩባንያ ተቀጠረ። በቀጣዩ ዓመት በብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት፣ በእርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየተለጠጠና እየተኮማተረ የሚፈጥረውን ችግር የሚያስወግድ ሥርዓት ነደፈ። በ1911 ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረበው ጥናትም የአየርን ሙቀትና እርጥበት በቀመር አስተሳሰረ፤ በልምድ ይመራ የነበረው ሙያ በስሌት ላይ ቆመ።

በ1915 ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር የራሱን ኩባንያ መሠረተ። በዚያ ዘመን ቲያትርና ሲኒማ ቤቶች በሞቃታማ ወራት ተመልካች ያጡ ነበር። ማቀዝቀዣ የተከሉትም ቢሆኑ አየሩን ከወንበር ሥር ስለሚያስገቡ፣ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ወለሉ ላይ ተኝቶ የተመልካቹን እግር ሲያበርድ፣ ሰገነቱ ከሙቀት አይላቀቅም ነበር። ጉድለቱ የቅዝቃዜው መጠን ሳይሆን አየሩ የሚሄድበት መንገድ ነበር። የኩባንያው መሐንዲሶች፣ በተለይም ሎጋን ሉዊስ፣ አቅጣጫውን ገለበጡት፤ አየሩ ከኮርኒሱ ገብቶ ከአዳራሹ አየር ጋር እየተቀላቀለ ይወርዳል፣ በወንበር ሥር ባሉ ቀዳዳዎችም ይወጣል። ከተመለሰው አየር ከፊሉ በማቀዝቀዣው ሳያልፍ ከቀዘቀዘው ጋር ስለሚደባለቅ ቅዝቃዜው ይለዝባል።

ካሪየር በ1922 ይፋ ያደረገው ሴንትሪፉጋል ማቀዝቀዣ መርዛማውን አሞኒያ ስለማይጠቀም ሕዝብ ለሚሰበሰብበት ስፍራ ተስማሚ ሆነ። በ1925 በኒውዮርኩ ሪቮሊ ቲያትር ሥራ ሲጀምር ቅዝቃዜው በመዘግየቱ ተመልካቹ የእጅ ማራገቢያውን እያወዛወዘ ቆየ፤ ቀስ በቀስ ግን እጆቹ አረፉ። ንድፉ ትክክል መሆኑ የታወቀው ገንዘቡ ከወጣና ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ነበር።

ካሪየር በ1950 ዐረፈ። ዛሬ የአየር ፍሰት ሲሙሌሽን ያንኑ ፍርድ ከግንባታ በፊት ለማየት ያስችላል። አዳራሹን በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ የመጠነ ቁስ፣ የሞመንተምና የኃይል እኩልታዎችን በየክፍሉ ያሰላል። የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ 1,000 ተመልካች የ100 ኪሎዋት የሙቀት ምንጭ ሆኖ በስሌቱ ይገባል።

አሁን በብዙ የኮንሰርትና የኦፔራ አዳራሾች አየሩ ዳግም ከወንበር ሥር ይገባል። ልዩነቱ በዝግታና ከአዳራሹ አየር በጥቂት ዲግሪ ብቻ ቀዝቅዞ መለቀቁ ነው፤ ከተመልካቹ አካል በሚነሣው ሙቀት እየተገፋም ወደ ላይ ይወጣል። ፍጥነቱ ከበዛ ወይም ቅዝቃዜው ከጠነከረ ግን ካሪየርና ባልደረቦቹ የታገሉት የእግር ብርድ ይመለሳል። የሲሙሌሽኑ ጥቅም ይህን ጠባብ ወሰን ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ መለየቱ ነው።